የትልቁ ዶክተር ፈተናዎች

ሰኞ 3

ሥራ ጀመርኩ። ክሊኒኩም ቢሮ ሰጠኝ። ቢሮ ማለቴ እስከ ዓርብ ድረስ መጥረጊያና መወልወያ ይቀመጥበት የነበረው ክፍል ነው። መስኮት የለውም። የበረኪና ሽታው ግን አብሮ የተሰጠኝ ጥቅማ ጥቅም ነው። በሩ ላይ «ፋርማሲስት» የሚል ወረቀት ለጥፈውልኛል፤ «ባልዲውን ወደ ቦታው መልሱ» የሚለውን የድሮውን ማስታወቂያ ግን የነቀለው የለም። ስለዚህ አሁን ሁለታችንም በሩ ላይ አለን፤ እኔም ባልዲውም።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ገብታ ግራ ቀኙን ቃኘችና «መድኃኒቱስ?» አለችኝ። እዚህ መድኃኒት እንደማይሸጥ አስረዳኋት። የእኔ ሥራ ሐኪሙ ያዘዘላትን ማየት፣ ቤቷ ካሉት ክኒኖች ጋር እንዳይጣላ ማረጋገጥ፣ እንዴት እንደምትወስደው መንገር ነው፤ የምትገዛው ውጪ ካለ መድኃኒት ቤት ነው። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ «እሺ፣ መድኃኒቱ ታዲያ መቼ ይመጣል?» አለች።

ማታ ደግሞ እማዬ። «መድኃኒት ቤትሽን ለጓደኛሽ ለቀሽ የሄድሽው ለዚህ ነው? መደርደሪያ የለ፣ ሚዛን የለ፣ ዳቦ የሌለው ዳቦ ቤት!» ተመራምሬ፣ ኮርስ ወስጄ፣ ፋርማሲስት ከሐኪሙ ጎን ሲቀመጥ የሚያመጣውን ለውጥ በሥዕል ጭምር ላሳያት ሞከርኩ። «ከጎኑማ አይደለሽም፤ መወልወያው ጋ ነሽ» አለች። ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን በምላሷ ትታሰራለች። ከማን እንደወረስኩ ግልጽ ነው።

ክሊኒኩ የሁለት ሐኪሞች ነው። ትልቁ ዶክተር ሽማግሌ ናቸው፤ ግማሹ ከተማ በእጃቸው ነው የታከመው። «ፋርማሲስት ካልመጣ እኔም አልሠራም» ብለው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ትንሹ ዶክተር ደግሞ የእሳቸው ተማሪ የነበረ ነው፤ ሊቀበለኝ ሲል ፊቱ የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው ፊት ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ በሙከራ ነኝ። ከዚያ ወይ ቋሚ፣ ወይ ክፍሉ ለባልዲው ይመለሳል።

ሐሙስ 6

ጉድ። ትልቁ ዶክተር በቀን አንዴ የሚዋጥ የደም ግፊት ክኒን ሦስት ጊዜ ብለው ጽፈው አገኘሁ። ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ሐኪም ፊት «ተሳስተዋል» ለማለት ድፍረት ስጡኝ።

አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉና «ጎበዝ! አገኘሽው!» አሉኝ።

አገኘሽው! የታካሚ ካርድ የምታወጣዋን ሴት፣ የካርድ ክፍሏን፣ ስጠይቃት እሳቸው ድሮ የሕክምና ተማሪዎችን ያስተምሩ እንደነበርና ፈተና ውስጥ ሆን ብለው ወጥመድ ይቀብሩ እንደነበር ነገረችኝ። በቃ ገባኝ። እየፈተኑኝ ነው። እኔ ደግሞ ፈተና እወዳለሁ፤ ልጅ ሆኜም ሌላው ሲያለቅስ እኔ እርሳስ እቀርጽ ነበር።

ዓርብ 7

ሁለተኛ ፈተና። አለፍኩ። ቀላል ነበር፣ ያስንቃል።

ረቡዕ 12

ዝናብ። ወረፋው እስከ በሩ። ምሳ አልበላሁም።

ትንሹ ዶክተር በኮሪደሩ ስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «የምንጽፈውን የምታርም አስተማሪ ቀጥረናል፤ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የቀራት» ይላል። ደሜ ፈላ። የሚገባውን መልስ በልቤ አዘጋጀሁ፤ ሦስት አንቀጽ ያህል ነበር፣ ሲያምር! በሩ ሲከፈት «እንደምን ዋልክ ዶክተር» አልኩት።

ሰኞ 17

ትልቁ ዶክተር ያንኑ የግፊት ክኒን፣ ያንኑ ሦስት ጊዜ፣ ለሌላ ሰው። ምን ዓይነት ፈታኝ ነው ያወጣውን ጥያቄ ደግሞ የሚያወጣ? ምናልባት አስታውሳ እንደሆነ ልይ ብለው ይሆናል። ብልጥ ናቸው።

ይዤላቸው ስገባ አስቀመጡኝና ወጣት ሳሉ በአውቶቡስ ውስጥ በባትሪ መብራት ያዋለዱትን ሕፃን ታሪክ አወሩልኝ። ሾፌሩ ራሱን ስቶ ወድቆ፣ እሳቸው አንድ እጃቸው እናትየዋ ጋ አንዱ ሾፌሩ ጋ። በሳቅ ፈረስኩ።

ማክሰኞ 18

የአውቶቡሱን ታሪክ ዛሬም አወሩልኝ። ዛሬም ሳቅኩ። ሳቄ ከትናንቱ ትንሽ ቢያንስም ሾፌሩ ሲወድቅ ጨመርኩበት። ጨዋ አድርጋ ያሳደገችኝ እማዬ ትመስገን።

ቅዳሜ 22

እማዬ ከአትክልት ሻጩ ጋር ተጣልታ፣ የተበላሸውን ቲማቲም አንድ በአንድ ቆጥራ መልሳ መጣች። «አንቺ ብትሆኚ አመስግነሽ ነበር የምትመለሺው» አለችኝ። «ምላስሽ የሚሠራው ቤት ውስጥና እዚያ ደብተርሽ ላይ ብቻ ነው።»

ደብተሬን ታነባለች ማለት ነው? እማዬ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ የዓይን ቀጠሮሽ ደርሷል፣ መነጽር ያስፈልግሻል።

ሐሙስ 27

የካርድ ክፍሏ አንድ የምታስቀኝ ሥርዓት አላት። ታካሚ ትልቁ ዶክተር ዘንድ ሲገባ ቀድማ በሩን ትከፍትና የንጉሥ አዋጅ ነጋሪ ይመስል ጮክ ብላ ታውጃለች፦ «ልብስ ሰፊዋ ናት ዶክተር! ያቺ ስኳር ያለባት፣ የሁለት ልጆች እናት!» ትንሹ ዶክተር ዘንድ ሲገቡ ግን ቁጥር ብቻ ነው የምትጠራው። «አድልዎ ነው» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። «አንቺም ብትለምጂው ጥሩ ነው» አለችኝና ካርዶቿን መደርደር ቀጠለች። ሰው እንዲህ ኮስታራ ሲሆን አይገባኝም።

ልብስ ሰፊዋን ወድጃታለሁ። የእኔው እኩያ ናት። በየቀጠሮዋ የክኒን ከረጢቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፋ «ፍረጂኝ» ትለኛለች። የአንዱን መድኃኒት ሁለት ስም እያየች ሁለት መድኃኒት ይመስላታል፤ እሷ ብቻ ሳትሆን ሁሉም እንደዚያ ነው፤ ፋብሪካው ይለያያል፣ ሳጥኑ ይለያያል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው እኔ የምቀመጠው። ይህን ለእማዬ መንገር አለብኝ።

ሰኞ 1

አዲስ ወር፣ አዲስ አሠራር። ከእንግዲህ ትልቁን ዶክተር በየሰዓቱ አላስቸግራቸውም። ፈተናው በዝቷል፤ ዛሬ ብቻ ከጠዋት እስከ ምሳ አራቴ። ስለዚህ ማስተካከያውን እኔው በአዲስ ወረቀት እጽፈዋለሁ፣ «ዶክተር፣ ይቺን ይፈርሙልኝ» እላለሁ፣ ሳያዩ ይፈርማሉ፣ ማህተም ያደርጋሉ። የድሮውን ቀድጄ እጥላለሁ። ጊዜ ይቆጥባል። ማንም አይሸማቀቅም። እንዲህ ያለ የሰለጠነ አሠራር የትም የለም።

ሐሙስ 4

ትልቁ ዶክተር የእኔን በር ከፍተው ገቡና መሐል ላይ ቆሙ። እጃቸው በሳሙና ተለውሷል። ወደ ግድግዳው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ቧንቧው የት ሄደ?» አሉ።

ይህ ክፍል ቧንቧ ኖሮት አያውቅም። «ዶክተር፣ የእኔ ቢሮ የሚፈስ ነገር የለውም፣ ደመወዜ እንኳ ይንጠባጠባል እንጂ አይፈስም» አልኩ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እጃቸውን ይዤ ወደ መታጠቢያው ወሰድኳቸው። ሐሳብ የበዛበት ሰው እንዲህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ቁልፌን ማቀዝቀዣ ውስጥ አግኝቻለሁ።

ማክሰኞ 9፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እማዬ በግድግዳው ማዶ ታንኮራፋለች። የታደለች።

ዛሬ ለአንድ አዛውንት የደም ማቅጠኛ ከማይስማማው የሕመም ማስታገሻ ጋር አብሮ ታዞ አገኘሁ። ያስተካከልኩትን ወረቀት ይዤ ስገባ ትልቁ ዶክተር ስሜን ፈለጉ። አየሁት ሲፈልጉት፤ ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ ሄደ፣ ወለሉ ላይ ሄደ። ከዚያ «የኔ ልጅ» አሉኝ። እንዴት ደስ የሚል አጠራር ነው። ከዛሬ በፊት ግን ሁልጊዜ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ።

እሺ። ፈተና ነው እንበል። ፈተና ካልሆነስ? ካልሆነማ ምን አደርጋለሁ? ለትንሹ ዶክተር ልንገረው? እሱ ከነገሩ ሁሉ በፊት «እቺ ሴትዮ ያስቀጠራትን ሰው ራሱን በላችው» ነው የሚለው። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው፣ እኔም ወደ ቤቴ፣ ባልዲውም ወደ ቦታው። ለራሳቸው ልንገራቸው? ምን ብዬ? «ዶክተር፣ ዕድሜ ልክዎን ሰው አድነዋል፣ አሁን ግን ያስፈራሉ» ልበል? ከተማው ሁሉ ተነስቶ ለሚያከብረው ሰው ይህን የምናገር እኔ ማን ነኝ?

ደግሞስ ምን ጎደለ? ማን ታመመ? ማንም። የሚሳሳት ወረቀት አለ፣ የሚያስተካክል ሰው አለ፤ ሰውየው ይከበራሉ፣ ታካሚው ይድናል፣ እኔ እንጀራዬን እበላለሁ። ሁሉም ወገን አሸናፊ። እኔ እስካለሁ ድረስ ምንም አይፈጠርም።

እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። የበላሁት ይሆናል።

ሰኞ 15

ልቤ ቅቤ ጠጣ! ስብሰባ ነበር። ትንሹ ዶክተር፣ ያ ጥርሱን የሚያመው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዲህ አለ፦ «ድሮ መድኃኒት ቤቶች በየቀኑ እየደወሉ፣ ይህ ምንድነው፣ ያ ምንድነው፣ ይሉን ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ የደወለ የለም። ሳልፈልግ ተሸንፌያለሁ፤ ቋሚ ትሁን።» «ቀይ እስክሪብቶ ግዛልኝ» ልለው ነበር፤ ተውኩት። አሸናፊ ሰው ዝም ይላል።

ትልቁ ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪኝ እስቲ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «በእኔ ወረቀቶች ላይ ስህተት አለ?»

ሁሉም ሰው ያየኛል። የካርድ ክፍሏ ጫማዋን ታያለች።

«ምንም የለም ዶክተር» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለእኔ ቋሚ መሆን እንዲህ የሚደሰት ሰው አለ ለካ! እማዬ እንኳ ስነግራት ያለችው «መስኮት ይሰጡሻል?» ብቻ ነው።

ረቡዕ 17

ነገ ፈቃድ ወስጃለሁ። የእማዬ የዓይን ቀጠሮ። አንድ ቀን ነው። ክሊኒኩ ያለ እኔ ብዙ ዘመን ኖሯል።

ዓርብ 19

ልብስ ሰፊዋ ወደቀች። ትናንት ነበር ቀጠሮዋ። እኔ አልነበርኩም። ማዘዣው አዲስ ስም፣ ቤቷ ያለው የድሮው ስም፣ ያው የስኳር ክኒን። ሁለቱንም ዋጠችው። ስኳሯ ወረደ። ደረጃ ላይ። ሕይወቷ ተርፏል። ቀኝ እጇ፣ አንጓው ላይ፣ ሁለት ቦታ ስብራት።

መጻፍ አልቻልኩም።

ቅዳሜ 20

ቤቷ ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት፤ የልብስ ስፌት መኪናው በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ ነው። መርፌው ሥር ያላለቀ የተማሪ ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንድ እግሩ ተከፍቶ ቀርቷል። ጥጉ ላይ ደግሞ ገና ያልተነካ የደንብ ልብስ ጨርቅ ክምር። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በእነዚህ ሳምንታት ሥራ ነው። ጨርቁን አንዳንዶቹ መጥተው ወስደውታል።

ጀሶ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አስቀምጣ፣ በግራዋ ወንበር ልትስብልኝ ትታገላለች። እኔን ልታስተናግድ!

«ምን መሰለሽ እህቴ» አለችኝ፣ «በርሽ ዝግ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። እሰይ፣ አንድ ወረፋ ቀረልኝ፣ ሱሪዎቼን እጨርሳለሁ ብዬ።»

ወንበሩን ከእጇ ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

«ዶክተሩ ደግሞ ቀልደኛ ናቸው» አለች። «ያቺ የካርድ ክፍሏ ለሻይ ወጥታ ነበር መሰለኝ፣ ዝም ብዬ ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝና ‹አዲስ ነሽ?› አሉኝ። ሁለቱንም ልጆቼን ያዋለዱኝ ሰውዬ እኮ ናቸው! ሳቅኩላቸው።»

እሷም ሳቀችላቸው። የካርድ ክፍሏ ታውጅላቸዋለች፣ እኔ አስተካክልላቸዋለሁ፣ ታካሚው ይስቅላቸዋል። ከተማው በሙሉ እንዴት ያለ ጨዋ ነው!

ስወጣ «እጄ ለመቼ ይድናል ትያለሽ?» አለችኝ። ለደንብ ልብሱ እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። «ቶሎ» አልኳት። መቼም አልተማርኩም።

ሰኞ 22

በጠዋት ገባሁ፣ አንኳኩቼ እንኳ «ግቢ» ሳልባል። ካሰብኩት አንዱንም ዓረፍተ ነገር አላስታወስኩም። «ዶክተር፣ ልብስ ሰፊዋ የወደቀችው በማዘዣዎ ነው» አልኩ። «የመጀመሪያው አይደለም። በየቀኑ አለ። እየደበቅኩ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዛሬ ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር፤ ይህ ነው የሚያስጨንቀው፣ አንዳንድ ቀን ከሁላችንም የተሻሉ ናቸው። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ከመጣሁበት ሳምንት ጀምሮ። እየፈተኑኝ መስሎኝ ነበር።»

«ፈተና?» ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ የሳቁን እንባ ሲጠርጉ ሌላው እንባ ተከተለ።

«መጀመሪያ ያወቀችው ባለቤቴ ናት» አሉ። «አንድ ቀን የገዛ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ‹ቤቴ ውሰጂኝ› አልኳት። ልጄ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ። መሳሳቴን በምን አውቀዋለሁ? ትንሹ እንደ አባቱ ያየኛል፣ አይነግረኝም። የካርድ ክፍሏ ትወደኛለች፣ አትነግረኝም። ታዲያ የማይወደኝ ሰው ያስፈልገኛል አልኩ። ፋርማሲስት ቅጠሩ ብዬ ጠረጴዛ የደበደብኩት ለዚህ ነበር። ስላንቺ ሳጠያይቅ ‹ሥራዋ ጥሩ ነው፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው› አሉኝ። እሰይ አልኩ። አንቺ ግን መጥተሽ ጨዋ ሆንሽብኝ!»

አንገቴን ደፋሁ።

«ስብሰባው ላይ ጠየቅኩሽ» አሉ። «‹ምንም የለም› አልሽኝ። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ‹ድኛለሁ› አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። ልተወው አስቤ ወደነበረው ሥራ በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ።»

ለቋሚነቴ ነበር የመሰለኝ ያ ሁሉ ደስታ። ለእኔ ቋሚነት! ይህን ደብተር መልሼ ሳነበው የሚያስቀኝ አንድ ቀልድ አጣሁበት።

ስወጣ ጠሩኝ። «ረቡዕ በሁሉም ፊት ትናገሪዋለሽ። እኔም እቀመጣለሁ። እኔ ካልኩት አሳንሼ ነው የምለው፤ ወይም እረሳዋለሁ። እንዳትራሪልኝ።»

ማክሰኞ 23

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ይፈርድብኛል ብዬ የጠበቅኩት ምላሷ አልወጣም። አዲሱን መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ዓይኖቿን ጠረገች። «አባትሽም መጨረሻው ላይ እንዲሁ ነበር» አለች። «እኔም አላልኩትም።»

ለጓደኛዬ ደወልኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቦታ እንዳለ ጠየቅኳት። «ምን ሆንሽ፣ ቋሚ ሆንኩ አላልሽም?» አለች። መስኮት የለውም አልኳት።

ረቡዕ 24

ተናገርኩ።

አራታችን ነበርን። ትልቁ ዶክተር ዛሬ ክራቫት አድርገው፣ ጋውናቸውን በደንብ ተኩሰው መጥተዋል፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ገና ስጀምር ትንሹ ዶክተር ሊያቋርጠኝ ተነሳ፤ እሳቸው በእጃቸው አስቀመጡት። ከግፊት ክኒኑ ጀመርኩ። የደም ማቅጠኛውን ተናገርኩ። ወረቀት እየቀየርኩ ማስፈረሜንም፣ የቀደድኳቸውንም ተናገርኩ። የካርድ ክፍሏ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ትልቁ ዶክተር እንደ ጥሩ አስተማሪ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ያዳምጡኛል። ትክክል ነው፣ ቀጥዪ፣ ዓይነት አነቃነቅ። ያ አነቃነቅ ነው ያስቀጠለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደረስኩ። አንዱን የስኳር ክኒን በሁለት ስም፣ ደረጃው፣ ቀኝ እጇ፣ ያልተሰፋው ሱሪ።

ትልቁ ዶክተር መነቅነቃቸውን አቆሙ። ፊታቸው ደም ለበሰ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ይህ ወንጀል ነው!» አሉ። «በእጇ የምታድር ሴት! ማነው ይህን ያዘዘው?»

ትንሹ ዶክተር ወደ መስኮቱ ዞረ። የካርድ ክፍሏ አፏን በሻርቧ ያዘች። እሳቸው በእውነት ነው የጠየቁት፤ እየተቆጡ ተራ በተራ ያዩናል፣ ጥፋተኛውን ይፈልጋሉ። መልስ የሚጠብቁት ከእኔ ነበር።

«እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር» አልኩ።